የተነሡበት ማዕድ

መምህር አየልኝ ካረፉ አርባቸው ወጣ። በዕለቱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለን ሐበሾች በግቢያቸው ተሰብስበን ሳለ “ትርንጎ፣ አንች ትቀርቢያቸው ነበር፤ እስኪ ስለ እሳቸው ትንሽ በይ” ተባልኩ። ለወሬ ማን ብሎኝ፣ ተነሥቼ ተናገርኩ። ጆንያ እየሰፉ የኖሩ ሰው የክርስትናን ታሪክ ከሐዋርያት ጀምረው እስከ ዛሬ በአንድ ሲባጎ ላይ እንዴት እንዳስተማሩን ተናገርኩ። ሰው ሳቀ፣ አለቀሰም። ልጃቸው ሐና መጥታ አንገቴን አቅፋ “ስንቱን ያዝሽልኝ!” አለችኝ። እኔ ግን አንድ ነገር አስቀርቼ ነበር። በአፌ ያልቻልኩትን እስኪ በጽሑፍ ልሞክረው።

መምህር አየልኝን የማያውቅ ሰው በእህል ገበያው መጋዘን ደጃፍ ተቀምጠው ቢያያቸው ሐጅ ይላቸው ነበር። ነጭ ጃለቢያ ነበር የሚለብሱት። አንድ ጊዜ ከጎንደር ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ ጎረምሳ “መምህር፣ ይህ የእስላም ልብስ አይደለም እንዴ?” ቢላቸው፣ ከጆንያው ቀና ብለው “ጌታችን ሱሪ ሲለብስ አይተኸው ታውቃለህ?” አሉትና መርፌያቸውን መልሰው ወጉ። ሳቃቸው አጭር ነበር፤ በአፍንጫቸው ትንፍ አድርገው ይጨርሱታል። የቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት በጆንያ መርፌ ብዛት ጫፉ እንደ ቆዳ ደርቆ ነበር፤ ሲያስቡ እሱን በአውራ ጣታቸው ያሻሹታል።

በወጣትነታቸው ጎንደር ውስጥ የአብነት ተማሪ ነበሩ። እዚያ ጦርነት ሲመጣ በመተማ በኩል በእግራቸው ወጥተው እዚህ ቀሩ። ሚስታቸው የስደተኛ መጠለያ ውስጥ ሐናን ጨቅላ ሳለች ትታላቸው ሞተች። ልጅቱን በአንድ እጃቸው አቅፈው በሌላው ጆንያ እየሰፉ አሳደጓት ይባላል፤ ማጋነን ሊሆን ይችላል፣ ግን ሲያጎርሷት እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ ትልቅ ልጅ ሆና እንኳ የመጀመሪያው ጉርሻ የሷ ነበር። ያገዘቻቸው ጎረቤታቸው ሐጃ ዘይነብ ናት። እሷም በዚያው ዓመት፣ በዚያው መንገድ የመጣች የመተማ እስላም ናት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ አጥር ሲኖሩ ከሥጋ በቀር ያልተካፈሉት ነገር አልነበረም። የእሷን እርድ እሳቸው አይበሉም፣ የእሳቸውን እርድ እሷ አትበላም። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፣ ማንም ቅር አይለውም።

እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ ግቢያቸው ባለው የኒም ዛፍ ሥር ያስተምሩን ነበር። ሲባጎውን አንዱን ጫፍ ከዛፉ፣ ሌላውን ከበሩ መቃን ያስሩታል። በላዩ ላይ በየርቀቱ የተቋጠሩ ቋጠሮዎች አሉ። ተራ የደረሰው ተማሪ ተነሥቶ አንዱን ቋጠሮ በጣቱ ይይዛል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠይቃሉ። የሚጠይቁት ዓመተ ምሕረት አልነበረም፣ የንጉሥ ስምም አልነበረም። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር።

“ማን ከማን ማዕድ ተነሣ?”

የመጀመሪያው ቋጠሮ አንጾኪያ ነው። ጴጥሮስ ካልተገረዙት ጋር ተቀምጦ ይበላ ነበር፤ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ግን አፍሮ ከማዕዱ ተነሣ፤ ጳውሎስም ፊት ለፊት ገሠጸው። “ጥሉ በመጽሐፍ አልተጀመረም፣ በምሳ ነው የተጀመረ” ይሉ ነበር። ሐና ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ቀን “አባዬ፣ ጴጥሮስ ታዲያ ተመልሶ ተቀመጠ?” ብላ ጠየቀቻቸው። ጣታቸውን አሻሽተው “አልተጻፈም። እኔ ግን ተመልሷል ባይ ነኝ። ካልተመለሰማ እኛ ከየት መጣን?” አሏት።

ከዚያ የሰማዕታት ዘመን ይመጣል። ስለ ሞቱት ብዙም አያስተምሩም ነበር፤ ስለ ሞቱት ሁሉም ያስተምራል ይላሉ። እሳቸው የሚያነሡት ፈርተው ለጣዖት ያጠኑትንና ስደቱ ሲያልፍ እያለቀሱ የተመለሱትን ነው፤ ይግቡ አይግቡ ተብሎ ስንት ቤተ ክርስቲያን እንደ ተከፈለ ይነግሩናል። ከዚያ የሮሙ ንጉሥ አመነ፤ በሰው ቤት ጓዳ ትጸልይ የነበረችው እምነት ቤተ መንግሥት ገባች። “ያን ጊዜ ማዕዱ ረዘመ፣ ሰው በማዕረግ ተቀመጠ” ይላሉ። ኒቅያን በደስታ ያስተምራሉ፤ ኬልቄዶን ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይወርዳል። እኛና ግብጾቹ፣ ሶርያና አርመን በአንድ በኩል፣ ሮምና ቁስጥንጥንያ በሌላ በኩል። “አንዱን ጌታ አብዝተው ከመውደዳቸው የተነሣ ተለያዩ፤ ይህ ነው የሚያቃጥል” ይሉ ነበር።

የሱዳኑን ቋጠሮ የምንይዘው ቁጭ ብለን ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እሳቸው ያዘዙት ነው። በናይል ዳር፣ ሶባ በምትባለው የጥንት ከተማና ከእሷ በስተሰሜን፣ ወደ ሺህ ዓመት የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። “የተቀመጣችሁበት አፈር ቅዳሴ የሰማ አፈር ነው። ሰይፍ ብቻ አይደለም ያጠፋው። ጳጳስ መምጣቱ ቀረ፣ ቄስ አለቀ፣ ሰው ለሰው ተራራቀ። የመጨረሻው ሰው የሞተበትን ቀን እንኳ የጻፈ የለም።” የሩሲያና የጀርመን ነገር፣ የማተሚያው ነገር፣ የዚያ ከሮም ጋር የተጣላው መነኩሴ ነገር በኋላ ይመጣል፤ ከዚያም የነጭ ሚስዮናውያን። ከሚስዮናውያኑ በፊት ግን የአገራችን ቋጠሮ አለ፦ አባት ንጉሥ የሮማውያንን ሃይማኖት ይዞ፣ አገር በደም ታጥቦ፣ በመጨረሻ ሰልችቶት ዙፋኑን ለልጁ የለቀቀበት። ያን አባት ይወዱት ነበር። ሃይማኖቱን አይደለም፣ መልቀቁን።

ይህን ሁሉ ያነበቡት ከከተማው የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ቄስ በዓረብኛ መጽሐፍ እየተዋሱ ነው። እኔ የሴት ልብስ ሰፊ ነኝ፤ “አንችም ትሰፊያለሽ፣ እኔም እሰፋለሁ፤ የሰፋነው ሁሉ በጎን ይተረተራል” እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ሐና ሃያ ሁለት ዓመቷ ላይ ሐበሾች ተከራይተው ወደሚጸልዩበት ቤት መሄድ ጀመረች። ጴንጤ ሆነች ተባለ። እሳቸው ወሬውን ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑ። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ነበርኩ፤ ሦስታችን ከአንድ ትሪ እየበላን ነው። ሐና እጇን ወደ አንገቷ ሰድዳ ማተቧን ፈታችና ከትሪው ጠርዝ አስቀመጠችው።

“አባዬ፣ ልደብቅህ አልፈልግም” አለች።

መምህር የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። ተነሡ። የፕላስቲክ ኢብሪቁን ራሳቸው አንሥተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ረጅም ጊዜ ታጠቡ፣ ውሃው እስኪያልቅ። ከዚያ ወጥተው ሐጃ በር ላይ ተቀመጡ። አልጮኹም፣ አልረገሙም። ቢመቷት ይሻል ነበር። ሐና ሳታለቅስ ሳህኖቹን አነሣች። በሳምንቱ ኸሽም ኤል ቂርባ ወደምትባል ከተማ ሄደች፤ እዚያው አገባች፣ ወለደች።

በሚቀጥለው እሑድ ሲባጎው እንደ ተለመደው ተወጠረ። አንዱ ተማሪ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ፣ መምህር “ከሁለተኛው እንጀምራለን” አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሁለተኛው ጀመርን። አንጾኪያን አንዳችንም አላነሣንባቸውም። ማተቧን ግን የጆንያ መርፌያቸውን በሚያኖሩባት ቆርቆሮ ውስጥ እንዳስቀመጧት አይቻለሁ፤ መርፌ ባወጡ ቁጥር ያይዋታል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ባለፈው ፋሲካ ሐና ደወለችልኝ። “ትርንጎ፣ ለአባዬ ዶሮ ሠርቼ በሃፍላው፣ በአውቶቡሱ ሹፌር ልኬልሻለሁ። አደራሽን፣ ያረደው ሰው ክርስቲያን ነው በይው። ከአጨዳ የቀረ የአርማጭሆ ሰው ለምኜ ነው ያሳረድኩት። ማተቡን በዓይኔ አይቻለሁ። በስመ አብ ሲል ሰምቻለሁ። ይህን ካልነገርሽው አይበላልኝም።”

“እሺ፣ እነግራቸዋለሁ” አልኳት። በልቤ ግን ተናድጄ ነበር። ማተቧን ለመፍታት ስታስብ ለእኔ እንኳ አስቀድማ አልነገረችኝም ነበርና ቂሜ አልወጣልኝም። ድስቱን ተቀብዬ ስገባ መምህር ከአንድ ሽማግሌና ከአንድ ወጣት ዲያቆን ጋር ተቀምጠዋል።

“ከየት ነው?” አሉኝ።

“ከሐና ነው።”

ጣታቸውን አሻሹ። ዲያቆኑ ፈገግ ብሎ “ጴንጤም ፋሲካ አላት እንዴ? ሳይጾሙ!” አለ። ሽማግሌው ሳቀ። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። ያረደው ክርስቲያን ነው ልል ነበር። ነገር ግን የጴንጤ አማላጅ መባሉ አሳፈረኝ። እንግዶቹ ሲሄዱ እነግራቸዋለሁ ብዬ አፌን ዘጋሁ።

መምህር ድስቱን አዩትና “የገበያ እርድ ይሆናል። ለሐጃ ውሰጅላት፤ ለእሷ ሐላል ነው” አሉኝ።

ይዤ ሄድኩ። ሐጃ ክዳኑን ከፍታ “ወላሂ ሽታው! የሐና እጅ ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት” አለችና ቀና ብላ “ማን ነው ያረደው?” ብላ ጠየቀችኝ። ለመምህር ዝም ማለት ችዬ ነበር፤ ሐጃን ግን የማይገባትን ማብላት አልቻልኩም።

“አንድ የአርማጭሆ ሰው። ክርስቲያን ነው” አልኳት።

ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችው። “እኔ አልበላው፣ እሱ አይበላው። ይህች ልጅ ታዲያ ለማን ነው የሠራችው? ሂጅ፣ አሁኑኑ ንገሪው።”

“እሺ ሐጃ” አልኩና ድስቱን ቤቴ አስገባሁት። በዓል ነው፤ እንግዳ በእንግዳ ላይ መጣ። ነገ አልኩ። የገዳሪፍ ሚያዝያ ደግሞ ማንን ይጠብቃል? በማግስቱ ሲከፈት ኮምጥጦ ነበር። ከጓሮ ደፋሁትና ድስቱን በአሸዋ ፈተግኩት፤ እስኪያበራ ፈተግኩት። በዚያው ሹፌር መልሼ ላክሁላት።

ሐና ባዶ ድስት አይታ ደወለች። “በላልኝ?”

እውነቱን ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበረኝ።

“በሉ” አልኳት።

በስልኩ ውስጥ እልል አለች። ጎረቤቶቿ ምን ተገኘ ብለው ሲጠይቋት ይሰማኛል። “ልደውልለት?” ስትለኝ ደንግጬ “አይ፣ ቆይ፤ ራሳቸው ይደውሉልሻል” አልኳት። እሷም ጠበቀች። የአባቷን ስልክ ከፋሲካ እስከ ፍልሰታ ጠበቀች። እሳቸው ደግሞ ልጄ ለስም ያህል የገበያ ዶሮ ላከችብኝ ብለው ተቀምጠዋል። ሐጃም የነገርኳቸው መስሏት ነገሩን ዳግም አላነሣችውም። በመካከላቸው የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

በክረምቱ ወባ ደጋገማቸው። ፍልሰታ ሲገባ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። ሐጃ ትንሽ አጥሚት ስትል “ጾም ነው” ይሏታል፤ “ኻላስ፣ በቃ፤ በሽተኛ ጾም የለበትም፣ በእኛም በእናንተም” ትላቸዋለች። አንድ ረፋድ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ተንበርክኬ ነገርኳቸው።

“መምህር፣ የፋሲካው ዶሮ... ክርስቲያን ነበር ያረደው። ንገሪው ብላኝ ነበር። ያልነገርኩዎ እኔ ነኝ።”

ጣታቸውን አሻሹ። “ሐጃ በላችው?”

“ክርስቲያን አረደው ስላት ተወችው።”

“ታዲያ ማን በላው?”

“ማንም። ተበላሸ።”

በአፍንጫቸው ትንፍ አሉ። ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ደግሞ ለቅሶ ሆነ። “አየሽ ትርንጎ” አሉኝ፣ “ሁለት ሺህ ዓመት በአንድ ድስት።” እንባቸው ወደ ጆሯቸው ሲወርድ በቀሚሴ እጅጌ ልጠርግ ስል እጄን ያዙኝ። “ልጄ ከማዕዴ ተነሣች ብዬ አዝን ነበር። ለካ ከማዕዱ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት አንጾኪያን የዘለልኩት ለምን መሰለሽ?”

“ይቅር ይበሉኝ” አልኳቸው።

“ለእሷስ ምን አልሻት?”

“በሉ አልኳት።”

ውሸት የማይወዱ ሰው ነበሩና ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። “በይ እንዲያው ይቆይ፤ አትንገሪያት። አሁን ጥሪያት። ምስርም ይሁን ሽሮ፣ የጾም ነገር ሠርታ ትምጣ። ከእጇ እበላለሁ። ያን ጊዜ ውሸትሽ እውነት ይሆናል።”

ሐና በማግስቱ ተነሣች። ስደተኛ ስለሆነች ከከተማ ከተማ ለመሄድ ተስሪሕ የሚሉት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋታል፤ የአሁኑ የሱዳን ጦርነት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ያለሱ አያሳልፉም። ቀትር ላይ ከአንድ ኬላ ደወለች። “አውርደውናል። ተስሪሕ ይላሉ። አለቃቸው እስኪመጣ ጠብቂ ብለውኛል። አባዬ እንዴት ነው?” ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። ድምፃቸው ደክሞ ነበርና አንድ ቃል ብቻ ወጣቸው። “ነይ።”

ከዚያ ኢብሪቁን ጠየቁኝ። እኔ አፈሰስኩላቸው፤ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻው፣ ያችን የደረቀች ጣታቸውንም ሳይቀር ታጠቡ። ፎጣ ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም። ብርድ ልብሱንም እንዳይነኩ እጃቸውን ከደረታቸው በላይ ከፍ አድርገው ያዙት።

“መምህር፣ ሐና ገና ትዘገያለች፤ ስትመጣ ይታጠባሉ” አልኳቸው።

“ግድ የለም፤ ዝግጁ ሆኜ ልጠብቃት።”

እጃቸው ሲደክም ደረታቸው ላይ አሳረፉት፣ መዳፎቹ ወደ ላይ እንደ ተከፈቱ። የከሰዓት በኋላው፣ የዐስር አዛን ሲሰማ ሐጃ ለሶላት ወጣች። ተኝተዋል ብዬ እኔም አልቀሰቀስኳቸውም። ሐጃ ተመልሳ ስትገባ ፊታቸውን አይታ ጩኸቷን ለቀቀችው።

ሐና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደረሰች። ድስቱን በነጭ ነጠላ አስራ በደረቷ ታቅፋ ነበር። ለቅሶውን ከአጥሩ ውጭ ስትሰማ ቆመች፤ ድስቱን ግን አልጣለችውም። ገብታ እግራቸው ሥር ተደፍታ አለቀሰች። ብዙ ቆይታ ስትነሣ ድስቱን ከለቀስተኛው መካከል አስቀምጣ “ምስር ነው። የጾም ነው። ዘይት እንጂ ቅቤ የለበትም” አለች። ራሷ የማትጾም ልጅ የፍልሰታን ጾም አስታውሳ መጥታለች።

ግቢ ሙሉ ሰው ነበር፤ እጁን የዘረጋ ግን አልነበረም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ሐጃ ዘይነብ ከሁሉም ቀድማ ወጣች፤ መሬት ላይ ተቀምጣ “ቢስሚላህ” አለችና እንጀራ ቆርሳ አጠቀሰች። እኔም ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ። በፋሲካው ቀን የቀለደው ዲያቆን ኢብሪቁን አነሣና እየዞረ ሰውን እጅ ማስታጠብ ጀመረ። እሱ ራሱ አልበላም፤ ቢሆንም ያን አልረሳለትም። ከታጠቡት አምስት ስድስት ሰዎች መጡ። የቀሩት አልመጡም።

ሐና በመካከላችን ተቀምጣ እጄን ጨበጠችኝ። “ይሁን” አለች፣ “ቢያንስ የፋሲካ ዶሮዬን በልቶልኛል። ባይበላልኝ ኖሮ ዛሬ እብድ ነበርኩ። በልቷል አይደል?”

“አዎ፣ በልተዋል” አልኳት። ሁለተኛ ዋሸሁ።

ይህ ነው እንግዲህ ያስቀረሁት። መምህር እንዲያው ይቆይ ያሉኝ እውነት እናደርገዋለን ብለው ነበር፤ እውነት ሳይሆን ቀረ፤ እኔም እንዲህ ተሸክሜው መኖር አልቻልኩም። ማንበብ ያስተማሩሽ እሳቸው ናቸውና ሐና፣ ይህን ለብቻሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ዶሮሽን አልበሉም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልትጣይኝ ትችያለሽ። ነገር ግን ስትመጪ እጃቸው ለምን ክፍት እንደ ነበረ ማንም አልነገረሽም። ሊበሉልሽ ታጥበው ነበር።